አደጋ ሲመጣ «አቁሙ» የሚለው ማነው?

አብዛኛው ትልቅ መሥሪያ ቤት የድንገተኛ ጊዜ ዕቅድ አለው። ሎጎ ያለበት፣ የተፈረመበት፣ ማህተም ያረፈበት። ችግሩ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ የድርጅቱ ሰርቨር ላይ ነው። ሰርቨሩ የወደቀ ቀን ዕቅዱም አብሮት ይወድቃል።

ይህ በትናንሽ ድርጅቶች ላይ ብቻ የሚደርስ ነገር አይደለም። ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ድራሻቸው ጠፋ (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። መሐንዲሶቹ ብልሽቱን የሚያስተካክሉባቸው መሣሪያዎች የሚሠሩት በዚያው በወደቀው ኔትወርክ ነበር። የመግቢያ ካርዳቸው በር አልከፍት ያላቸው ሠራተኞች እንደነበሩም ያኔ ተዘግቧል። ብልሽቱ ውስጥ፣ ጠጋኙ ውጭ።

ከዚያ ወዲህም ነገሩ አልቀለለም። ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የሳይበር ደህንነት ኩባንያ አንድ የተበላሸ ማሻሻያ ላከ። በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ባሉበት ደረቁ። አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ አዛወሩ። ሰርጎ ገብ አልነበረም፣ ጥቃትም አልነበረም። ድርጅቶቹ ጥበቃ ብለው ከፍለው ያስገቡት ሶፍትዌር ነው ሥራቸውን ያስቆመው። ይህን አስቀድሞ የገመተ የዕቅድ ክፍል ቢኖር በጣም ጥቂት ነው።

ስለዚህ «ጎርፍ ቢመጣ፣ እሳት ቢነሣ፣ ወረርሽኝ ቢገባ» እያሉ ለእያንዳንዱ መዓት የተለየ ሰነድ መጻፍ ብዙም አያዋጣም። የመዓት ዓይነት አያልቅም። የሚያስከትለው ጣጣ ግን ጥቂት ነው። ወይ ሰው ሥራ መግባት አይችልም፣ ወይ ቦታው አይገባበትም፣ ወይ ሲስተሙ ይጠፋል፣ ወይ ዕቃ ወይም አገልግሎት የሚያቀርብላችሁ ድርጅት ይቀራል። ለእነዚህ አራቱ መልስ ያለው ድርጅት ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን መነሻ አያጣም።

የሥራ ቀጣይነትን የሚመለከተው አይኤስኦ 22301 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት በ2012 ወጥቶ በ2019 ተሻሽሏል። በሱ መመራት አይጎዳም። እኔ ግን ከመስፈርቱም ከሰነዱም በፊት አንድ ጥያቄ ቢመለስ እመርጣለሁ። ነገሩ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚያየው ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ «አቁሙ» ወይም «ውጡ» ማለት ይችላል ወይ?

መጀመሪያ የሚያየው ደግሞ ብዙውን ጊዜ አለቃ አይደለም። ጥበቃው ነው፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ናት፣ የሌሊት ፈረቃ ኦፕሬተሩ ነው፣ ስልክ የምታነሳዋ ልጅ ናት። አለቃው ያን ሰዓት ወይ ስብሰባ ላይ ነው ወይ ተኝቷል።

ፈቃድ የጠበቁት

ፓይፐር አልፋ በሰሜን ባሕር ላይ የቆመ የነዳጅና የጋዝ ማውጫ መድረክ ነበር። ጁላይ 6 ቀን 1988 ቀን ላይ ከሁለት ፓምፖች የአንደኛው የደህንነት ቫልቭ ለጥገና ተነሣ። ክፍተቱ ለጊዜው በብረት ክዳን ተሸፈነ። ሥራው በዚያ ቀን አላለቀም። ይህን የሚገልጽ የሥራ ፈቃድ ወረቀት ነበር፤ የማታው ፈረቃ ግን ስለ ቫልቩ አላወቀም። ከምሽቱ 3:45 ገደማ የሚሠራው ፓምፕ ቀጥ አለ። የፈረቃው ሰዎች ሌላኛውን አስነሡ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ በዚያ ክዳን በኩል ጋዝ አፈትልኮ ፈነዳ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የርክክብ ጉድለት ነው። አንድ ሰው ለሌላው አንድ ነገር ሳይነግረው ወደ ቤቱ ሄደ። የማንኛውም ቢሮ ችግር ነው። ይበልጥ የሚከነክነው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

በአካባቢው ክሌይሞርና ታርታን የሚባሉ ሌሎች መድረኮች ነበሩ። ቧንቧቸው ከፓይፐር ጋር የተገናኘ ነው። ፓይፐር መቃጠሉን ያውቃሉ። ሆኖም ወዲያው ማምረት አላቆሙም። ማቆም ብዙ ገንዘብ ያሳጣል፤ ያንን በራስ ሥልጣን መወሰን ደግሞ ያስፈራል። የክሌይሞር ኃላፊ የብስ ላይ ካሉት ጋር እየተነጋገረ ጊዜው ሄደ። ያ ሁሉ ሲሆን እሳቱ ማገዶ አላጣም።

ፓይፐር ላይ የነበሩት ብዙዎቹ ደግሞ እንደተማሩት መኖሪያ ክፍሉ ውስጥ ተሰብስበው ትእዛዝ ጠበቁ። በሄሊኮፕተር ትወጣላችሁ የሚል ነበር ሥልጠናው። ሄሊኮፕተሩ ማረፍ አልቻለም፤ ግልጽ ትእዛዝ የሰጠም አልነበረም። ጭሱ ግን ገባ። 167 ሰው ሞተ። 61 ተረፉ። ከተረፉት ብዙዎቹ መጠበቁን ትተው በራሳቸው መውጫ የፈለጉ፣ በገመድ የወረዱ፣ ወደ ባሕሩ የዘለሉ ናቸው።

ስኮትላንዳዊው ዳኛ ሎርድ ከለን የመሩት ምርመራ በ1990 ውጤቱን ሲያወጣ 106 ምክረ ሐሳቦች ነበሩት። ዛሬ በነዳጁ ኢንዱስትሪ «አደጋ ያየ ማንኛውም ሠራተኛ ሥራ ማስቆም ይችላል» የሚለው ደንብ የተለመደ ነው። ጥሩ ደንብ ነው። ግን ደንቡ የምር መሆኑ የሚታወቀው አንድ ሰው በከንቱ ያስቆመ ቀን ነው። ልጁ ጭስ መስሎት ደወሉን ነካ፣ ሃምሳ ሰው ወጣ፣ የእንፋሎት ቧንቧ ሆኖ ተገኘ። ያን ቀን አለቃው ፊቱን ካጠቆረበት ደንቡ አበቃለት። ሁለተኛ ደወል የሚነካ አይኖርም። «ጎሽ፣ ነገም እንዲሁ አድርግ» ከተባለ ግን ያየው ሁሉ ይማራል።

ቶዮታ ፋብሪካዎች ውስጥ ይህ ለረጅም ዘመን የዕለት ሥራ ሆኖ ኖሯል። ችግር ያየ ሠራተኛ አጠገቡ ያለውን ገመድ ይስባል። የቡድን መሪው ይመጣል። ቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ገመዱ የሚሳበው ለትልቅ አደጋ ብቻ ሳይሆን ለትንሹም ጉድለት ስለሆነ እጅ ይለምደዋል። ቁም ነገሩም ይኸው ነው፤ በአዘቦቱ ቀን «ቆይ» ለማለት የሚፈራ ሰው በቀውስ ቀን ድንገት ደፋር አይሆንም።

ልምምድ ሲጠላ

ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባላል። የመውጫ ዕቅድም ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሲታይ ቀላል ነው።

በ1993 የኒውዮርኩ የዓለም ንግድ ማዕከል ምድር ቤት ውስጥ ቦምብ ፈነዳ። ያኔ እዚያው በደህንነት ኃላፊነት ይሠራ የነበረው፣ በኋላም ሞርጋን ስታንሊ የተባለው የኢንቨስትመንት ባንክ የደህንነት ኃላፊ የሆነው ሪክ ሬስኮርላ ሕንጻው ዳግም ዒላማ ይሆናል ብሎ ያምን ነበር። ሠራተኛውን በየሦስት ወሩ በደረጃ ያስወርድ ጀመር። ትልልቆቹ አለቆችም አይቀሩም። ሰዉ ያጉረመርም ነበር። ደቂቃ ገንዘብ በሆነበት ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ስልክ ዘግተው ደረጃ መውረድ አይወዱም።

ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ከጠዋቱ 2:46 ላይ አንድ አውሮፕላን ሰሜናዊውን ሕንጻ መታ። ሞርጋን ስታንሊ ያለው በደቡባዊው ነው። በድምፅ ማጉያ «ባላችሁበት ቆዩ» የሚል መልእክት ተላለፈ። ሬስኮርላ መልእክቱን ትቶ ሰዉን ማስወጣት ቀጠለ። ሁለተኛው አውሮፕላን ደቡባዊውን ሕንጻ የመታው 3:03 ላይ ነው። 17 ደቂቃ ብቻ ነበረው። በሕንጻው ውስጥ ከነበሩት ወደ 2,700 የሚጠጉ የኩባንያው ሠራተኞች ሁሉም ማለት ይቻላል ተረፉ። ከሞቱት 13 አንዱ ራሱ ሬስኮርላ ነው፤ የቀረ ሰው ካለ ብሎ ወደ ላይ ተመልሶ።

ሰው አደጋ ሲያይ ወዲያው ይሯሯጣል፣ ይረጋገጣል ብለን እናስባለን። ብዙ ጊዜ የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው። ሰው ይቆማል። ጎረቤቱን ያያል። «ምንድን ነው?» ይላል። የጀመረውን ኢሜይል ይጨርሳል፣ ቦርሳውን ይፈልጋል፣ ኮምፒውተሩን ያጠፋል። ሌሎቹ ካልተነሡ እሱም አይነሣም። ልምምድ የሚያሳጥረው ይህን የመጠራጠር ጊዜ ነው፤ እግሩ የለመደው መንገድ ካለ ሰው ብዙ አያስብም።

የብዙ ቦታ ልምምድ ግን የይስሙላ ነው። ቀኑ ከሳምንት በፊት በኢሜይል ይነገራል። አየሩ ጥሩ ነው። ሰዉ ቡናውን ይዞ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይመለሳል። ማናጀሮቹ ስብሰባ ላይ ስለሆኑ አይወጡም። እንዲህ ያለው ልምምድ ሠራተኛውን የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው፤ ደወል ሲጮኽ አለቆች አይነሡም። አስተካክሎ መሥራት ከባድ አይደለም። አንዱን ደረጃ ዝጉ። ሁልጊዜ የሚመራውን ሰው «አንተ ዛሬ የለህም» በሉት። ማን ቦታውን እንደሚይዝ እዩ። ብዙ ጊዜ ማንም አይይዝም፤ መታወቅ ያለበትም እሱ ነው።

መጥፎ ወሬ ስንት ቀን ይፈጃል?

ማርች 17 ቀን 2000 አሜሪካ አልበከርኪ ውስጥ የፊሊፕስ የቺፕ ፋብሪካ በመብረቅ ምክንያት እሳት ተነሣበት። በአሥር ደቂቃ ገደማ ጠፋ። ጭሱና ውኃው ግን ምንም አቧራ መግባት የሌለባቸውን ክፍሎች አበላሸ። ከፋብሪካው ቺፕ የሚወስዱ ሁለት ትልልቅ የስልክ ኩባንያዎች ነበሩ፤ ኖኪያና ኤሪክሰን። ለሁለቱም አንድ ሳምንት ገደማ ይዘገያል ተባለ።

ኖኪያ ቤት ወሬው ቶሎ ወደ ላይ ወጣ። ዕቃው በየቀኑ የሚጠየቅ ሆነ። ነገሩ የሳምንት ሳይሆን የብዙ ሳምንት መሆኑን ሲደርሱበት ሌሎች አቅራቢዎችን አሯሯጡ። ኤሪክሰን ቤት መረጃው ታች ቀረ። ዋና ኃላፊዎቹ የጉዳቱን ልክ ሲሰሙ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆኖ ነበር፤ ትርፍ ቺፕ ያላቸው ቦታዎች ተይዘዋል። የኩባንያው ኪሳራ 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተገመተ። በቀጣዩ ዓመት የስልክ ሥራውን ከሶኒ ጋር አዋሐደ። ለውሕደቱ ይህ ብቸኛ ምክንያት አልነበረም፤ ግን ረድቷል።

እሳቱ አንድ ነው፣ የደረሳቸው መልእክትም አንድ ነው። የለያቸው መጥፎ ወሬ ከታች ወደ ላይ ለመውጣት የፈጀው ጊዜ ነው። እንግዲህ በእናንተ መሥሪያ ቤት «ጌታዬ፣ ዕቃው አይደርስም» ማለት ምን ያስከትላል? ቁጣ ከሆነ ወሬው ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሳችሁ፣ ያውም ተለሳልሶ።

የደሞዝ ጉዳይ

በቀውስ ዕቅዶች ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይገባ አንድ ርዕስ አለ፤ የሠራተኛው ደሞዝ። ሕይወት የሚወስነው ግን እሱ ሊሆን ይችላል።

ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የሚባለው ሕንጻ ሊፈርስ አንድ ቀን ሲቀረው ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ታየ። እዚያው ሕንጻ ውስጥ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን አስወጣ። የልብስ ስፌት ፋብሪካዎቹ ሠራተኞች ግን በማግስቱ ግቡ ተባሉ። ካልገባችሁ ደሞዝ ይያዛል የሚል ማስፈራሪያ እንደደረሳቸው ከተረፉት የተናገሩ አሉ። ኤፕሪል 24 ቀን 2013 ጠዋት ሕንጻው ተደረመሰ። 1,134 ሰው ሞተ።

እዚያ ላይ የጎደለው መረጃ አልነበረም። ስንጥቁን ሁሉም አይቶታል። ሠራተኛው ማወቅም፣ መፍራትም፣ መውጣት መፈለግም አላቃተውም። ያቃተው የወሩን ገቢ ማጣት ነው። በኮቪድ ጊዜም ይኸው ነገር ቀለል ባለ መልኩ ታይቷል፤ የሕመም ፈቃድ የማይከፈልበት ቦታ ሰው እያሳለው ሥራ ይገባል። ስለዚህ «ከደህንነት የሚበልጥ የለም» የሚል ፖስተር ከመለጠፍ በፊት አንድ መስመር መጻፍ ይሻላል፤ ቦታው ሲዘጋ የዚያ ቀን ክፍያ ይከፈላል፣ አይከፈልም? ለቋሚውስ? ለቀን ሠራተኛውስ? በኤጀንሲ ለመጣችው ጽዳት ሠራተኛስ? ይህ ያልተመለሰበት ዕቅድ ግማሽ ነው።

ሲስተሙ ሲጠፋ

ጁን 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ የተባለው የኮምፒውተር ጥቃት መርስክን፣ ያን ግዙፍ የመርከብ ማጓጓዣ ኩባንያ፣ በሰዓታት ውስጥ ጣለው። ኔትወርኩን የሚቆጣጠሩት ዋና ሰርቨሮች በየአገሩ ቅጂ ነበራቸው። ችግሩ፣ ሁሉም እርስ በርስ የተያያዙ ስለነበሩ አብረው ጠፉ። የተረፈው አንድ ብቻ ነው፤ ጋና ያለው። ለምን ቢሉ፣ ያን ሰዓት መብራት ጠፍቶ ከኔትወርኩ ተቋርጦ ስለነበር። ሃርድ ዲስኩ በሰው እጅ በናይጄሪያ በኩል ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ከዚያ በአሥር ቀን ገደማ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደ አዲስ ተጫነ። ኩባንያው ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር አጣ። ያን ሁሉ ያዳነው የመብራት መጥፋት ነው። በዕድል ላይ የቆመ ዕቅድ ዕቅድ አይባልም።

በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 31 ላይ ጊትላብ በተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ አንድ መሐንዲስ አምሽቶ ሲሠራ የተሳሳተውን ሰርቨር ዳታ ሰረዘ። አይዞህ፣ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አለ ተባለ። አምስት ዓይነት የባክአፕ መንገድ ነበራቸው። ሲታይ አንዱም እንደታሰበው አይሠራም። «ባክአፑ አልተሳካም» የሚሉት የማስጠንቀቂያ ኢሜይሎች ራሳቸው ለማንም አይደርሱም ነበር። የተረፉት ከስድስት ሰዓት በፊት በአጋጣሚ በተወሰደ አንድ ቅጂ ነው። ያልተሞከረ ባክአፕ እንደሌለ ይቆጠራል። በወር አንድ ቀን አንድ ፋይል መርጦ ከባክአፕ ማስመለስ ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

የጊትላብ ሰዎች ጥገናውን በዩቲዩብ በቀጥታ አስተላልፈውታል። ጉድለታቸውን ዘርዝረው ጻፉ። ስህተቱን በአንድ ሰው ላይ አላላከኩም። በ2019 በራንሰምዌር፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ በሚጠይቅ ሶፍትዌር፣ የተመታው የኖርዌዩ አሉሚኒየም አምራች ኖርስክ ሃይድሮም ገንዘብ አልከፍልም ብሎ የሆነውን በይፋ እየተናገረ ነው ያለፈው። ሠራተኞቹ ኮምፒውተር እንዳይከፍቱ በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ፋብሪካዎች ወደ ወረቀትና እስክሪብቶ ተመለሱ። እዚህ ላይ ያገለገለው የድሮውን አሠራር የሚያውቅ ሰው መኖሩ ነው። ሲስተም ሲገባ በእጅ የሚሠራበትን መንገድ ጨርሶ መጣል ያስቆጫል። አንድ ገጽ ላይ ጽፎ፣ ባዶ ቅጽ አትሞ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። የሠራተኞች ስልክ ቁጥርም እንዲሁ፤ በወረቀት፣ ከቢሮ ውጭ፣ ቢያንስ ሁለት ሰው ቤት።

አንድ ሰዓት፣ አንድ ጠረጴዛ

አምስት ሠራተኛ ላለው ድርጅትም ሆነ አምስት ሺህ ላለው የሚሆን ርካሽ ነገር አለ። አማካሪ አይጠይቅም። ስድስት ሰባት ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣል። ሁሉም አለቃ መሆን የለበትም፤ ጥበቃው ይኑር፣ ስልክ የምታነሳዋም ትኑር። አንድ ሰው ታሪኩን ያነባል።

ማክሰኞ ነው፣ ከጠዋቱ 2:40። ሒሳብ ክፍል ያለችው ልጅ ፋይሎቿ አልከፈት አሏት፤ ስክሪኑ ላይ ገንዘብ የሚጠይቅ ጽሑፍ አለ። ምን ታደርጋለች? የኔትወርክ ገመዱን ትነቅላለች ወይስ ትደውላለች? ለማን? የአይቲው ሰው ዓመት ፈቃድ ላይ ነው፣ ስልኩ ዝግ ነው። 3 ሰዓት ላይ ሌላ ሁለት ክፍል ተያዘ። ኔትወርኩን በሙሉ የሚያጠፋው ማነው፣ ሥልጣኑስ አለው? 3:30 ላይ ደንበኛ ደውሎ «የኔ መረጃ ወጥቷል እንዴ?» ይላል። ስልክ ያነሳችው ልጅ ምን ትመልሳለች? 4 ሰዓት ላይ የሠራተኞች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ «ድርጅቱ ሊዘጋ ነው» የሚል ወሬ ገባ። ደሞዝ መክፈያው ሐሙስ ነው።

ይህን ሲጫወቱ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛው፣ ሦስት ኃላፊዎች እያንዳንዳቸው ሌላኛው ይደውላል ብለው ተቀምጠዋል። ሁለተኛው፣ ትክክለኛውን መልስ የምታውቀው ስልክ የምታነሳዋ ልጅ ናት፤ ግን እስካሁን የጠየቃት አልነበረም። ለወሬው ያለው መድኃኒትም እዚያው ይገኛል፤ አንድ ሰው ተመርጦ በየሁለት ሰዓቱ አጭር መልእክት ይላክ፣ አዲስ ነገር ባይኖርም «አዲስ ነገር የለም፣ 6 ሰዓት ላይ እመለሳለሁ» ይበል። ዝም ከተባለ ቦታውን ግሩፑ ይይዘዋል።

ያልተመለሱት ጥያቄዎች ይጻፋሉ። ከእያንዳንዱ ጎን የሰው ስምና ቀን ይገባል። «ይታይ» ወይም «በሂደት ላይ» የሚል ነገር አይጻፍ። ከሦስት ወር በኋላ በሌላ ታሪክ ይደገማል፤ ያኔ ዋና ሥራ አስኪያጁ ከክፍሉ ውጭ ይቆያል፣ ስልኩም ዝግ ይሆናል።